«አንቺ ግን ቀኑን ሙሉ ነው የምትቆጥሪኝ»

ለተከበሩ የዓምዱ አማካሪ፣

የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ከአምስት ዓመት በላይ በማረሚያ ቤት የቆየው ታናሽ ወንድሜ በአመክሮ ከተፈታ አራት ወር ሆኖታል፤ የሚኖረውም ከእኔ፣ ከባለቤቴና ከልጆቼ ጋር ነው። የታሰረው በሒሳብ ሠራተኛነት በሚያገለግልበት ድርጅት ውስጥ የሐሰት ሰነድ እያዘጋጀ ገንዘብ በመውሰዱ ነው። ጥፋቱን በፍርድ ቤት አምኗል፤ እኔም ንጹሕ ነው ብዬ ለማንም ተከራክሬለት አላውቅም። በታሰረባቸው ዓመታት ሁሉ ሳላቋርጥ እየሄድኩ ጠይቄዋለሁ። እናታችን ያረፈችው እሱ ውስጥ እያለ ነው፤ ለቀብሯም አልደረሰም።

የሚፈታበትን ቀን ስናፍቅ ኖሬ አሁን ግን ምን እንደማደርገው ጠፍቶኛል። ገና ሳይነጋ ይነሣና አልጋውን አንጥፎ ጫፉ ላይ ይቀመጣል። መብራት ለማጥፋት፣ ገላውን ለመታጠብ፣ ደጅ ለመውጣት ያስፈቅደኛል። የተዘጋ በር ሲያጋጥመው ከመክፈት ይልቅ ፊቱ ቆሞ የሚጠብቅበት ጊዜ አለ። ይህን ሳይ አንጀቴ ስለማይችል ሁሉንም ነገር እኔ አደርግለታለሁ፤ ልብሱን እኔ እመርጣለሁ፣ የአመክሮ ቀጠሮውን እኔ አስታውሳለሁ፣ ስልክ ሲደወልለትም የድሮ ጓደኞቹ እንዳይመልሱት ስለምፈራ ማን እንደ ሆነ እጠይቃለሁ። ባለፈው ወር አንድ የማውቀውን ሰው ለምኜ ሥራ አገኘሁለት፤ እሱ ግን አልሄድም አለኝ። ተቆጥቼ ስናገረው «እዚያ ጠዋትና ማታ ነበር የሚቆጥሩን፤ አንቺ ግን ቀኑን ሙሉ ነው የምትቆጥሪኝ» ብሎ መለሰልኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ከሰላምታ ያለፈ ነገር አንነጋገርም።

ለሰው የማልናገረውም አለኝ። ማታ ማታ ቦርሳዬን ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፌ ነው የምተኛው። ከቤታችን ምንም ነገር ጠፍቶ አያውቅም። ማድረጌ ያሳፍረኛል፤ ግን አልተውኩም።

ባለቤቴ ክፉ ሰው አይደለም፤ ወንድሜን በክብር ነው የተቀበለው። አሁን አሁን ግን «እስከ መቼ ነው?» እያለ ይጠይቀኛል፤ መልስ የለኝም። ልጆቼን ደግሞ ያሳደግኋቸው አጎታቸው ለሥራ ውጭ አገር እንደ ሄደ እየነገርኩ ነው። የ13 ዓመቱ ልጄ በቅርቡ እውነቱን ከሌላ ሰው ሳይሰማ አልቀረም፤ አጎቱ ባለበት ክፍል መቀመጥ ትቷል። የ8 ዓመቷ ልጄ ግን ዛሬም ስለ ውጭ አገር ትጠይቀዋለች፤ እሱም እየፈጠረ ይመልስላታል። ለልጆቼ ምን ልበላቸው? ለባለቤቴስ ምን ልመልስለት? ወንድሜንስ ሳላጣው እንዴት ልርዳው?

ታላቅ እህት ነኝ

ውድ እህቴ፣

ሦስት ጥያቄዎች አቅርበውልኛል፤ ሦስቱንም እመጣባቸዋለሁ። አስቀድሜ ግን ያልጠየቁኝን የቦርሳውን ነገር ላንሣ፤ ከሁሉም በላይ የከበደዎት እሱ እንደ ሆነ አጻጻፍዎ ያስታውቃልና። ወንድምን መውደድና ወንድምን በገንዘብ ማመን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ፍቅሩ በእነዚያ ሁሉ ዓመታት አልተቋረጠም፤ እምነቱን ግን ያፈረሰው እሱ ራሱ ስለሆነ፣ ተፈትቶ ቤት በመግባቱ ብቻ ሊመለስ አይችልም። ስለዚህ መጠንቀቅዎ ክፋት አይደለም። የሚጎዳው በስውር መደረጉ ነው። ለዓመታት የቁልፍ ድምፅ እየሰማ የኖረ ሰው የእርስዎን የቁም ሣጥን ቁልፍ ሳይሰማ ይቀራል ብዬ ለማመን እቸገራለሁ። ከሰማ ደግሞ እሱ ሊጠይቅዎት፣ እርስዎም ሊያስረዱት የማትችሉት ነገር በመካከላችሁ ተቀምጧል ማለት ነው።

እንግዲህ የተደበቀውን ጥንቃቄ ወደ ተነገረ ደንብ ቢለውጡት እመርጣለሁ። «የቤቱን ገንዘብ የምንይዘው እኔና ባለቤቴ ነን፤ የሚቀመጠውም ተቆልፎ ነው። ሁልጊዜ እንዲህ እንዲሆን አልፈልግም፤ ለአሁኑ ግን ለአንተም ለእኛም የሚሻለው ይህ ይመስለኛል» ቢሉት ሊያዝን ይችላል፤ ይሁን እንጂ በግልጽ የተነገረ ገደብ በዝምታ ከመጠርጠር ያነሰ ያዋርዳል። ለእሱም መከላከያ ነው፤ በቤቱ ውስጥ አንድ ነገር ቢጠፋ የሁሉም ዓይን መጀመሪያ ወዴት እንደሚዞር እርስዎም እሱም ታውቃላችሁ። ከጊዜ በኋላ የመብራትና የውኃ ክፍያን የመሰለ ነገር ከፍሎ ደረሰኙን እንዲያመጣ ኃላፊነት ይስጡት፤ እየቆየም መጠኑን ከፍ ያድርጉት። አንድ ነገር ብቻ አያድርጉ፦ ሊፈትኑት ብለው ገንዘብ ሜዳ ላይ አይተዉ። እንዲህ ያለው ፈተና ቢታለፍም ቅሬታ ይተዋል፤ የተፈተነው ሰው ካወቀ ደግሞ ያለፈው ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

አሁን ወደዚያ ወደ መረረ ቃሉ ልሂድ። ስለ ቆጠራ የተናገረው ውለታ ቢስ ሆኖ አይመስለኝም፤ ምናልባት ከተፈታ ወዲህ ከነገረዎት ሁሉ እውነተኛው እሱ ነው። አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ጥናት ባለሙያ ዶናልድ ክሌመር እ.ኤ.አ. በ1940 ባሳተመው ጥናት፣ ታሳሪዎች ከጊዜ ብዛት የእስር ቤቱን ልማድና ሥርዓት እንዴት የራሳቸው እንደሚያደርጉት በዝርዝር አሳይቷል። መቼ እንደሚነሣ፣ መቼ እንደሚበላ፣ መቼ እንደሚወጣ ሌላ ሰው የሚወስንለት፣ በርም ሌላ ሰው የሚከፍትለት ሰው፣ እጁን ወደ በር መዘርጋትን ይረሳል፤ እዚያ ውስጥ መዘርጋት የሚያስቀጣ ነበርና። ወንድምዎ በተዘጋ በር ፊት የሚቆመው ሰንፎ ወይም አእምሮው ተነክቶ ሳይሆን ለዓመታት በሚገባ የተማረውን እየፈጸመ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የምለው ቅር እንዳያሰኝዎት። እርስዎ በርኅራኄ ተነሥተው የማረሚያ ቤቱን ሥራ ተረክበዋል። ልብሱን፣ ቀጠሮውን፣ ስልኩን፣ ሥራውን የሚወስኑለት እርስዎ ነዎት፤ እሱ የሚያደርገው ማስፈቀድ ብቻ ነው። የተቀየረው የሚፈቅደው ሰው እንጂ የማስፈቀዱ ኑሮ አይደለም። ከእስር የወጣ ሰው ከቤተ ዘመዱ ከሚያገኘው እርዳታ ሁሉ በጣም የሚያስፈልገው ውሳኔው እንዲመለስለት ነው ብዬ አምናለሁ፤ ምግብና አልጋ እንኳ ከዚህ ቀጥለው የሚመጡ ይመስሉኛል።

ይህ ማለት ግን ነገ ጠዋት ሁሉንም አውርደው ይጣሉበት ማለት አይደለም። ምርጫ የለመደ ሰው ሳያስበው የሚያልፈው የቀን ውሳኔ፣ ምርጫ ለለቀቀ ሰው ድካም ነው። ከልብሱ ይጀምሩ፤ ገንዘቡን ሰጥተው ራሱ ሄዶ ይግዛ። የአመክሮ ቀጠሮውን ራሱ ይያዝ፤ ሊረሳው ይችላል ብለው ከሰጉ ከቀኑ ቀደም ብለው አንድ ጊዜ ብቻ ይጠይቁት። መብራት ላጥፋ ብሎ ሲያስፈቅድዎት አይሳቁ፣ አይዘኑለትም፤ «እንደ ወደድክ» ብለው ወደ ሥራዎ ይመለሱ። መልሱ በተደጋጋሚ ይኸው ከሆነ ጥያቄው እየቀነሰ ይሄዳል። በር ፊት ሲቆም ቢያዩትም ፈጥነው ሄደው አይክፈቱለት። ይህ ቀላል አይደለም፤ እንደሚከብድዎትም አውቃለሁ።

ስለ ስልኩ ደግሞ ልለይልዎት የምፈልገው አለ። ማን ወደ ቤትዎ እንደሚገባ መወሰን መብትዎ ነው፤ ልጆች ያሉበት ቤት ነውና ይህን በግልጽ ይንገሩት። ከማን ጋር እንደሚነጋገር መወሰን ግን የእሱ ነው። የድሮ ጓደኞቹን ሁሉ በአንድ ዓይን አይዩአቸው፤ አብረውት ከታሰሩት መካከል ይህን ኑሮ ከእርስዎ ይልቅ የሚረዱለት ሰዎች ሊኖሩ ይችላሉ። የሚያሠጋዎት የተለየ ሰው ካለ ስሙን ጠርተው «እገሌ ያሳስበኛል፤ አንተስ ምን ትላለህ?» ብለው ይጠይቁት። የአመክሮ ግዴታዎቹም ከነማን ጋር እንዳይገናኝ እንደሚከለክሉት፣ የት መኖር እንዳለበትና የት ሳያሳውቅ መሄድ እንደማይችል በጽሑፍ ተዘርዝረው ሊሆን ስለሚችል፣ ወረቀቱን አብራችሁ አንብቡት። በጥበቃ ብዛት የሚፈርስ አመክሮ የለም፤ አንድ ያልተነበበ አንቀጽ ግን ሊያፈርሰው ይችላል።

በነገራችን ላይ፣ እነዚያን ሁሉ ዓመታት ሳያቋርጡ መጠየቅዎን በአንድ ዐረፍተ ነገር አልፈውታል። በአሜሪካ የሚኒሶታ ግዛት የማረሚያ ቤቶች መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው ጥናት ከ16,000 በላይ የተፈቱ ሰዎችን ተከታትሎ፣ በእስር ላይ ሳሉ ጠያቂ የነበራቸው ሰዎች ዳግም በከባድ ወንጀል የመፈረድ ዕድላቸው ጠያቂ ካልነበራቸው በ13 በመቶ ያነሰ ሆኖ አግኝቶታል። ያኔ ያደረጉት ትልቅ ነገር ነበር፤ የሚገርመው ደግሞ ያኔ ምንም ሊወስኑለት አይችሉም ነበር። ሄደው አጠገቡ ይቀመጡና ያወሩ ነበር እንጂ። ለመሆኑ ከተፈታ ወዲህ እንደዚያ ያለ ጉዳይ፣ ያለ ማሳሰቢያ፣ ዝም ብላችሁ ያወራችሁበት ቀን አለ?

ስለ ሥራው ሁለት ነገር እጠይቅዎታለሁ። የለመኑት ሰው ወንድምዎ ታስሮ እንደ ነበር ያውቃል? የሚያውቅ ከሆነስ ወንድምዎ እንደተነገረበት ያውቃል? ሰውየው ካላወቀ፣ ወንድምዎ ማንነቱ መቼ እንደሚታወቅ እየጠበቀ በሥጋት ሊሠራ ነው፤ ካወቀ ደግሞ የሕይወቱ ከባዱ ታሪክ እሱ ሳይኖር ተነግሯል። በሁለቱም መንገድ «አልሄድም» ማለቱ ይገባኛል። በዚያ ላይ ፍርሃቱ መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። ዴቫ ፔጀር የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተመችው ጥናት፣ በአሜሪካዋ የሚልዋኪ ከተማ በትምህርትና በልምድ ተመሳሳይ የሆኑ ወጣቶች ለሥራ እንዲያመለክቱ አድርጋ ነበር። የወንጀል ሪከርድ እንዳላቸው ከገለጹት ነጮች መልሶ የጠራቸው ቀጣሪ 17 በመቶ ሲሆን ሪከርድ ከሌላቸው 34 በመቶ ነበር፤ ለጥቁሮች ቁጥሩ ከ14 ወደ 5 በመቶ ወርዷል። ይህን የማነሣው ተስፋ ለማስቆረጥ አይደለም፤ ወንድምዎ ሥራ ሲከለከል «እኔ የማልረባ ነኝ» ብሎ እንዳይደመድም፣ እርስዎም «አልጣረም» ብለው እንዳይፈርዱበት ነው።

ስለ ታሪኩ የሚናገረውን አስቀድሞ ቢያዘጋጅ ይጠቅመዋል፤ ምን እንዳጠፋ፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደታሰረ፣ ከዚያ ወዲህ ምን እንደተማረና አሁን ምን መሥራት እንደሚችል፣ ሳያድበሰብስና ሳያረዝም በጥቂት ዐረፍተ ነገሮች። ለመለማመድ ከፈለገ እርስዎ ቀጣሪ ሆነው ያድምጡት። ገንዘብ የሚነካ ሥራ ለጊዜው ባይሞክር ይሻላል፤ ምናልባትም በፍርዱ ተከልክሎ ይሆናል። መታወቂያውና የትምህርት ማስረጃዎቹ በእጁ መሆናቸውንም ጠይቁ። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2015 ያጸደቃቸው፣ በኔልሰን ማንዴላ ስም የሚጠሩት የእስረኞች አያያዝ ደንቦች፣ የሚፈታ ሰው የመታወቂያ ሰነድ፣ መኖሪያና ሥራ እንዲያገኝ መንግሥታዊም ሆኑ ሌሎች ድርጅቶች ማገዝ እንዳለባቸው በደንብ 108 ላይ ያስቀምጣሉ። ደንቡ በሁሉም ቦታ ስለማይፈጸም ቢያንስ የአመክሮ ተቆጣጣሪውን መጠየቅ አይከፋም። የጤና ምርመራም እንዲሁ፤ በማረሚያ ቤቶች የሳንባ ነቀርሳ ከውጭው ይልቅ ስለሚስፋፋ፣ ሳል ቢኖርም ባይኖርም አንድ ጊዜ ቢታይ መልካም ነው።

ስለ ልጆችዎ፦ እውነቱን ይንገሯቸው። በዚህ ላይ አላመነታም። ውሸቱን የፈጠሩት ልጆቹን ለመጠበቅ እንደ ነበር ይገባኛል፤ ሸክሙን የሚሸከመው ግን አሁን ወንድምዎ ሆኗል። በሐሰት ሰነድ የተፈረደበት፣ ጥፋቱንም በፍርድ ቤት ያመነ ሰው፣ እህቱ ቤት ለመኖር ሲል ለስምንት ዓመት ሕፃን በየቀኑ ሐሰት እንዲፈጥር ተገድዷል። ይህ ምን እንደሚያደርገው ያስቡት። መጀመሪያ እሱን ያማክሩት፤ ታሪኩ የእሱ ስለሆነ እሱ ሳይስማማ አይነገር፤ ራሱ ለመናገር ወይም አብሮ ለመቀመጥ ይፈልግ እንደሆነም ይጠይቁት። ከዚያ ልጅዎን ለብቻው ይዘው «ምን ሰማህ?» ብለው ይጀምሩ፤ የሰማው ከሆነው የከፋ ሊሆን ይችላል። «አጎትህ የሰው ገንዘብ ወስዶ ተፈርዶበት ታሰረ፤ ፍርዱን ተቀብሎ ጊዜውን አሳለፈ። ውጭ አገር ነው ብዬ የዋሸሁህ ግን እኔ ነኝ፤ እሱ አይደለም» ይበሉት። የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር አይተዉት። ልጅዎ በአጎቱ ላይ ካደረበት ቁጣ ከፊሉ የተታለለ ሰው ቁጣ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ደግሞ ወደ እርስዎ መምጣት ያለበት ነው። ለታናሿ ከዚህ ያጠረ ይበቃታል፤ ቀጥላ የምትጠይቀውን ሁሉ ግን በእውነት ይመልሱላት። ጎረቤት ቢጠይቅሽ እንዲህ በዪ ብለው ሌላ ምሥጢር አያስይዟት።

አጎቱ ለልጅዎ ሒሳብ ያስጠናው ብዬ ልመክር ፈልጌ ነበር፤ ተውኩት፣ ይህ ከልጁ ወይም ከአጎቱ ካልመጣ ዋጋ የለውም። ነገር ግን ሻድ ማሩና የተባለ ተመራማሪ በሊቨርፑል ከተማ ወንጀልን ከተዉና ካልተዉ ሰዎች ጋር ተነጋግሮ እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተመው ሥራ፣ በትክክል የተዉት ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ለሌላ ሰው የሚጠቅም ነገር የመስጠት ፍላጎት እንደሚያድርባቸው አሳይቷል። ወንድምዎ በቤትዎ ውስጥ እስከ አሁን ተቀባይ ብቻ ነው። የሚሰጠው ነገር ምን እንደሆነ እርስዎ አይምረጡለት፤ ሲያቀርብ ግን «አንተ አትድከም» ብለው አይመልሱት።

ባለቤትዎ «እስከ መቼ?» ማለታቸው ጥላቻ አይደለም፤ ከራሳቸው ቤት የሚጠየቅ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። እርስዎ መልስ ስላጡ ጥያቄውን እንደ ክስ ሰምተውት ይሆናል። እስቲ መጀመሪያ ለብቻቸው «የሚያሳስብህ ምንድን ነው?» ብለው ይጠይቋቸው፤ ወጪው፣ የልጆቹ ነገር ወይስ እርስዎን ማጣታቸው? በእነዚህ አራት ወራት ከባለቤትዎ ጋር ስለ ሌላ ነገር ምን ያህል አወሩ? ከዚያ ሦስታችሁም ተቀምጣችሁ፣ ወንድምዎ ባለበት እንጂ በሌለበት ሳይሆን፣ ለምሳሌ በየሦስት ወሩ ኑሮውን የምትገመግሙበት ቀን ቁረጡ። በመጀመሪያው ቀጠሮ በቤት ውስጥ የሚይዘውን ሥራ፣ ገቢ ሲያገኝ የሚያዋጣውን፣ ራሱን ችሎ ለመውጣት ምን እንደሚያስፈልገው እሱ ራሱ ይናገር። አንድ ቀን ክፍል ተከራይቶ ቢወጣ ተባረረ ማለት አይደለም፤ ከአመክሮ ቢሮው ጋር ተነጋግሮ የሚፈጸም ከሆነ የምትደሰቱበት ነገር ይሆናል።

የቀረኝ የእናታችሁ ነገር ነው። ለቀብሯ እንዳልደረሰ ጽፈው ወዲያው ወደ ሌላ ጉዳይ አልፈዋል። ቤታችሁ ውስጥም እንዲሁ እየታለፈ ይሆን? እርስዎ ከቀባሪው ጋር አልቅሰው፣ ጊዜም ወስደው የተወጡትን ኀዘን እሱ የሰማው በሌሎች ታሳሪዎች መካከል ሆኖ ነው፤ በማግሥቱም ለቆጠራ ተሰልፏል። ገና ሳይነጋ አልጋ ጫፍ ላይ የሚያስቀምጠው ልማድ ብቻ ላይሆን ይችላል። እናታችሁ ያረፈችበት ቦታ አብራችሁ መሄድ ይፈልግ እንደሆነ አንድ ቀን ይጠይቁት፤ ካልፈለገ አይጎትቱት። እንቅልፍ ማጣቱ ከቀጠለ፣ መጠጥ ከጀመረ ወይም «ባልወጣሁ ይሻለኝ ነበር» የሚል ቃል ከአፉ ከወጣ ግን አይጠብቁ። ስለ መሞት እያሰበ እንደሆነ ፊት ለፊት ይጠይቁት፤ መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣበትም። አዎ ካለ ብቻውን ሳይተዉት በዚያው ቀን ወደ ጤና ባለሙያ ይውሰዱት።

ይህ ሁሉ በአንድ ሳምንት አይሠራም፤ እርስዎ ደግሞ ነገርን ሁሉ በአንድ ጊዜ ማስተካከል የሚወዱ ሰው ይመስሉኛል። በሥራው ጉዳይ ይጀምሩ። «ሳላማክርህ ሥራ መለመኔ ስሕተት ነበር፤ ይቅርታ አድርግልኝ» ይበሉትና ማብራሪያ ሳይጨምሩ ይተዉት። በዚያ ቀን ስለ ልጆቹም፣ ስለ ባለቤትዎም፣ ስለ ገንዘቡም ምንም አያንሡ።